የጌጁ ቀስት ለብቻው ሲወጣ

ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱ እንደጠፋ ይቆይ፣ ይሄ ወሬ በመብራት አያምርም። ልሳኑ፣ አንተም በሩን ዝጋና ተቀመጥ። መኪናህን ማንም አይነካብህም። መንገድ ላይ ስላየኸው ሰውዬ በኋላ ታጫውተናለህ።

ድሮ ነው። አጥናፉ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሰዓቱ ከሌሊቱ ስድስት፣ መንገዱ በረሃ። ሰው የለ፣ ቤት የለ። ለምን ብቻውን ወጣ? ሚስቱን ብርቄን ምጥ ይዟታል የሚል መልእክት ደርሶት ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። ሳይነጋ ልድረስላት ብሎ ይበራል።

አንድ ሰው መንገድ ዳር ቆሟል። ቢጫ ጀሪካን ይዟል።

እናንተ ሹፌሮች ናችሁ፣ ወጉን ታውቁታላችሁ። በረሃ ላይ ጀሪካን ይዞ ለቆመ ሰው ይቆማል። የጎማ ቱቦ ከትተህ፣ በአፍህ ስበህ፣ ከራስህ ትቀዳለታለህ። አጥናፉም ሌላ ቀን ይቆም ነበር። ያን ሌሊት ግን አለፈው።

ጥቂት እንደሄደ ያው ሰውዬ ከፊቱ ቆሟል። ያው ጀሪካን። እንዴት ቀደመው? በምን እግሩ? አጥናፉ ነዳጅ ረገጠና አለፈው። ከዚያ ወዲያ ሰውየው አልታየም። «ተገላገልኩ» አለ። የት ተገላገለ።

የነዳጁን ጌጅ አየ። ሩብ ላይ የነበረው ቀስት ግማሽ ላይ ደርሷል።

አንተ አትሳቅ፣ ስማኝ። ጌጅ እኮ ነዳጁን አያይም። ሰልባትዮው ውስጥ፣ ነዳጁ የሚቀመጥበት ሆዱ ውስጥ፣ በቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ያለች ኳስ አለች። ነዳጁ ላይ ትንሳፈፋለች። ነዳጁ ሲጎድል ኳሷ ትወርዳለች፣ ዘንጉም አብሮ ይወርዳል፣ ወሬው በሽቦ ይደርስና ቀስቱም ይወርዳል። ነዳጅ ሲጨመር ኳሷ ትወጣለች። ታዲያ አጥናፉ ማደያ አልገባ፣ ኳሷን ማን አነሳት?

አጥናፉ ይሄን ያውቃል። ግን የቸኮለ ሰው የሚፈልገውን ያምናል። «ቅድም ተጣብቃ ነበር፣ አሁን ተላቀቀች» አለ። የመጨረሻውን ማደያ ሳይቆም አለፈው።

ከዚያ ሞተሩ ሳል ሳል አለው። ጠፋ። ቀስቱስ? ሙሉ።

ወረደ። ጌጅ ያላመነ ሹፌር በእንጨት ይለካ የለ? እንጨቱን አወጣ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ ወደ ውስጥ ሰደደው። እንጨቱ ወለሉን ቋ አደረገው። ደረቅ ነው። ጠብታ የለም። ሊያወጣው ሳበ። እንቢ አለው። ደግሞ ሳበ። ከውስጥ የያዘው አለ።

«ትንሽ ብትቀዳልኝ ምን ነበረበት?» አለው አንድ ድምፅ ከሰልባትዮው ውስጥ።

አጥናፉ እንባው መጣ። «ሚስቴ ምጥ ላይ ናት» አለ።

«የኔም ነበረች» አለው።

ጠዋት መኪናው ተገኘ። አጥናፉ አልተገኘም።

ማን ነገረህ አትሉኝም? ራሱ ነው የነገረኝ። ከስንት ዓመት በኋላ በዚያ መንገድ ሳልፍ ቢጫ ጀሪካን ይዞ ቆሞ አገኘሁት። ፈራሁ፣ ምን እዋሻችኋለሁ። ግን ቆምኩለት። ቀዳሁለት። እየቀዳሁ ይሄን ሁሉ ነገረኝ። ሲጨርስ «ብርቄ ምን ወለደች?» አለኝ። እኔ ከየት አውቃለሁ? አላውቅም አልኩት። ጀሪካኑን አንስቶ ወደ ጨለማው ገባ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ብቻችሁን አትንዱ። ከነዳችሁም ቁሙለት።

ልሳኑ፣ ቅድም ስትገባ ምን ነበር ያልከን? ጀሪካን የያዘ ሰውዬ ሊያስቆመኝ ነበር፣ አልፌው መጣሁ አላልክም? ነዳጅህስ? ስትነሳ ሩብ ነበር፣ አሁን ሙሉ ነው፣ ጌጁ ሳይበላሽ አይቀርም ብለህ ስቀህ የለ?

ተነስ። ባትሪ ያዙ፣ ሁላችንም እንወጣለን።

እንጨቱን ግን እኔ አልከትም።