አባ ኮዳ ነገ ይመጣሉ

ጠጋ ጠጋ በሉማ፣ ስለ ትርንጎ ላውራችሁ።

ትርንጎ የምትኖረው ሐይቅ ዳር ነው። ከቤቷ ፊት ለፊት ረግረግ አለ፤ ረግረጉ ላይ ከሰው የሚረዝም ደንገል በቅሏል።

እዚያ ወፍ ሞልቷል። ዳክዬ አለ፣ ዝይ አለ፣ ሽመላ አለ። ልጅ ግን የለም። አንድም ልጅ የለም።

እናቷ ከተማ ነው የምትሠራው። የምትመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው።

አባቷ የወፎች ጠባቂ ነው። ቀኑን ሙሉ ደንገል ውስጥ ተደብቆ ወፎቹን በመነጽር ያያል።

ትርንጎ «አባዬ፣ ምን ሆነ መሰለህ…» ስትለው ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል።

«እሽሽ! ወፎቹ ይበራሉ።»

ትርንጎም ጭጭ።

ስለ እንቁራሪቷ ልትነግረው ነበር። ጭጭ! ስለሚነቃነቀው ጥርሷ ልትነግረው ነበር። ጭጭ! ምስኪን፣ ሆዷ በወሬ ተነፋ።

አንድ ቀን ማታ አባቷ ደስ ብሎት ገባ። «አባ ኮዳ ነገ ይመጣሉ» አላት።

አባ ኮዳ! ትርንጎ ዘላ ተነሳች። «አባ» የሚባሉት እኮ ትልቅ ሰው ናቸው። እንግዳ ሊመጣላት ነው! እንግዳ ደግሞ ወሬ ይወዳል።

በማግስቱ ፊቷን ታጠበች። በርጩማ ደጅ ላይ አወጣች፤ ቆሎም በሰሃን አቀረበች።

ጠበቀች፣ ጠበቀች። ማንም የለም።

ከሰዓት በኋላ ደንገሉ ኮሽ! ኮሽ! አለ።

ራሰ መላጣ እንግዳ ብቅ አለ። ጥቁር ካባ የደረበ ይመስላል፤ እግሮቹ ግን ቀጫጭን ናቸው።

ትርንጎ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። «እንደምን ዋሉ፣ አባ ኮዳ? ይቀመጡ።»

እንግዳው ጭጭ።

«ቆሎ ይብሉ።»

እንግዳው ጭጭ።

«ጥርሴ እየተነቃነቀ ነው። ይዩልኝ።»

እንግዳው አፉን ከፈተ። አቤት የአፉ ርዝመት! ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ! ከዚያ ክንፉን ዘረጋና በረረ።

ለካስ አባ ኮዳ ወፍ ነው!

ትርንጎ በርጩማው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ወፍ ቢሆንም ግድ አልነበራትም። ያስከፋት ጥሏት መሄዱ ነው።

አባቷ ልቅሶዋን ሰምቶ ሮጦ መጣ። አባ ኮዳ የወፍ ስም መሆኑን፣ «ይመጣሉ» ያለውም ብዙ ስለሆኑ መሆኑን ነገራት።

«እኔ የማዋራው ሰው የመጣልኝ መስሎኝ ነበር» አለች ትርንጎ።

አባቷ መነጽሩን አስቀመጠ። አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«አባዬ፣ ጥርሴ…» ብላ ጀመረችና ወደ ሐይቁ አየች። ውኃው ዳር ብዙ አባ ኮዳዎች እያረፉ ነው። አፏን በእጇ ያዘች። «ወፎቹ ይበራሉ» አለች በሹክሹክታ።

አባቷ እጇን ከአፏ ላይ ቀስ አድርጎ አነሳ።

«ይብረሩ» አላት። «አንቺ ንገሪኝ።»

ትርንጎ ጮክ ብላ አወራች። ወፎቹ ፍርርር! ብለው ተነሱ፤ አባቷ ግን ቀና ብሎም አላያቸው። እሷን ነበር የሚያየው።

እራት ላይ አወራች። አልጋዋ ላይም አወራች። አባቷ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላታል፤ እሷም ትቀጥላለች።

ወሬዋን ሳትጨርስ እንቅልፍ ወሰዳት። አባቷ ብርድ ልብሱን አለበሳትና አጠገቧ ጋደም አለ።