የማይቆሽሸው የሙፈሪሓት ኦቨን

ሙፈሪሓት በሩን ስትከፍትለት የላስቲክ ጓንት እስከ ክርኗ አጥልቃ፣ ሻሿ ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ፣ ጉንጯን ጥላሸት ነክቶት ነበር። ኑዕማን ክው ብሎ ቀረ። ኦቨን ሊያጸዳ ከሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ አቋርጦ አሌክሳንድሪያ ድረስ የነዳ ሰው እንዲህ ያለ ውበት ይጠብቀኛል ብሎ አይዘጋጅም።

«ኦቨን ክሊን ለማድረግ ነበር የመጣሁት» አለ እንደምንም።

«አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ ኮል ያደረግኩህ። ግባ።»

ባልዲውን፣ መፋቂያውንና ብሩሾቹን ወለሉ ላይ ደረደረ። ተንበርክኮ የኦቨኑን በር ከፈተ። ዘጋው። መልሶ ከፈተው። ውስጡ ገና ዛሬ ከሱቅ የወጣ ይመስላል፤ ፊቱን ሊያይበት ምንም አልቀረውም።

«ምኑን ነው የማጸዳው?»

ሙፈሪሓት ጓንት ያጠለቁ እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች። «ትንሽ ነካ ነካ አድርጌው ነበር። እንደዚያ ቆሽሾ ለሰው ይታያል እንዴ?»

«የጠራሽኝ እኮ ቆሻሻውን እንዳጸዳልሽ ነው።»

«ቢሆንም ያሳፍራል።»

ሳሎን የተቀመጡት አክስቷ እትዬ ሰጂዳ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ከሱብሒ ሶላት ጀምራ ስትፈትገው ነው ያረፈደችው! ራስሽ ካጸዳሽው ለምን ሰው ጠራሽ ብላት መች ሰማችኝ?»

ኑዕማን ሳቀ። ያልሠራሁበትን ሒሳብ አልቀበልም አለ፤ እሷም ባዶ እጅህንማ አትወጣም አለች፤ በሻይና በሳምቡሳ ታረቁ። ሻዩን እየጠጣ ዝም ማለት ከበደውና ማይክሮዌቭ እንዴት እንደሚጸዳ ያስተምራት ጀመር። በጎድጓዳ ሳህን ውሃ ውስጥ ሎሚ ቆርጦ መክተት፣ ማፍላት፣ ቆሻሻው በእንፋሎቱ ሲርስ በጨርቅ ጠረግ ማድረግ። ሙፈሪሓት ተመስጣ ሰማችው።

ከሄደ ብዙ ቀን ሳይቆይ ደወለች። «ማይክሮዌቩ ውስጥ ሾርባ ፈንድቶብኛል።»

ኑዕማን አዲስ ሸሚዙን ለብሶ ከነፈ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለው የሎሚ ሽታ ነው።

«አጸዳሽው» አላት።

«አንተው አይደለህ ያስተማርከኝ?»

ምስኪን፣ የገዛ እንጀራውን በገዛ አፉ ዘጋ። ግን አልከፋውም። ሲመለስ መንገዱ ተዘጋግቶ፣ ጂፒኤሱ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ሲለፈልፍ፣ እሱ ብቻውን ፈገግ ይል ነበር። ሰውየው ወዷል። ችግሩ የእሷን ልብ ነው ያላወቀው።

ይህንን ጉድ ለደባሉ ለበፈቃዱ ነገረው። በፈቃዱ ታክሲ ነጂ ነው፤ ብዙ ጊዜ አጭቶ አንዴም አላገባም፤ ስለዚህ በፍቅር ጉዳይ ሰው ሁሉ እሱን ያማክራል።

«አንተ የዋህ» አለው በፈቃዱ። «ሴት ልጅ የፈለገችውን ሰው ሥራ ታበዛበታለች፣ እንዲቆይላት። ይቺ ሥራህን ቀድማ የምትጨርሰው ቶሎ ውጣልኝ ስትል ነው።»

ነገሩ ኑዕማን ሆድ ውስጥ ገባ። ሳምቡሳውም፣ ሻዩም፣ ፈገግታዋም በአንድ ጊዜ መረሩት። እንደገና ስትደውል «ሰው እልካለሁ» አላትና ማንን ቢልክ ጥሩ ነው? ኦቨንና ልብስ ማጠቢያ የማይለየውን በፈቃዱን።

ሙፈሪሓት በሩን ስትከፍት አዲስ ሻሽ አድርጋ ነበር። በፈቃዱን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ኑዕማንስ?»

«ቢዚ ነው።»

«እንግዲያው ኦቨኑ ንጹሕ ነው። ደህና ዋል።» በሩም ተዘጋ።

ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ኑዕማን ሥራው አላስደስት አለው፤ አንዲት ደንበኛ ቤት የኦቨኑን መስታወት ሲወለውል ቆይቶ «ልጄ፣ እሱን እኮ ጨረስከው» ተባለ። በመጨረሻ አንድ አርብ ደወለች። ድምጿ ቀዝቅዟል።

«መፋቂያህን ረስተህ ሄደሃል። ነገ ወደ እናንተ አካባቢ ዘመድ ጥየቃ ስለምመጣ በር ላይ ላድርስልህ። ከዚያ በኋላ አላስቸግርህም።»

ኑዕማን ገባው። ነገ ከሄደች ሄደች ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቱን ጠረገ፣ ሶፋውን ገለበጠ፣ የበፈቃዱን ካልሲዎች ሰበሰበ። በር ላይ ሰጥታው የምትሄድ ሴት ምናልባት ውሃ ጠማኝ ብትልስ? ወደ ኩሽና ብትገባስ? ዓይኑ ኦቨኑ ላይ አረፈ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ፣ የአገሩን ኦቨን ሲያበራ የሚውለው ኑዕማን የራሱን አንድ ቀን ነክቶት አያውቅም። በሩ በቅባት ቢጫ ሆኗል። ሰዓቱን አየና ተርበደበደ፤ ኦቨኑ በኃይለኛ ሙቀት ራሱን የሚያጸዳበትን ቁልፍ ተጫነ። ከዚያ ጓንቱን አጥልቆ ምድጃውን ከላይ ይፈትግ ጀመር።

ደንበኞቹን ሁሉ «ሳታበሩ ውስጡን እዩ» እያለ የሚመክር ሰው ውስጡን አላየም። እንደ ብዙ ሐበሻ ቤት የነሱም ኦቨን የድስትና የመጥበሻ ቁም ሣጥን ነው። እጀታቸው ደግሞ ፕላስቲክ ነው። ጭሱን ሲያይ ቶሎ አጠፋው፤ በሩ ግን በሙቀቱ ተቆልፎ አልከፈት አለ።

ሙፈሪሓት ስትደርስ የሕንጻው ሰው ሁሉ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሟል። የጭስ ማንቂያው ይጮኻል። በፈቃዱ ፎጣ አገልድሞ፣ ጸጉሩ ላይ ሳሙናው ከነአረፋው ደርቋል። ከመሃል ኑዕማን፣ ጓንት እስከ ክርኑ፣ ጉንጩ ላይ ጥላሸት።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ኦቨኔን እያጸዳሁ ነበር።»

«ዛሬ? ምን ነካህ?»

«አንቺ ልትመጪ ነዋ። እንደዚያ ቆሽሾ ላንቺ ይታያል እንዴ?»

የገዛ አፉን ሰማው። እሷም ሰማችው።

«ሌላ ሰው ቢመጣስ እንዲህ ትሆን ነበር?» አለችው ቀስ ብላ።

«ማኔጀሩ ለኢንስፔክሽን ሲመጣ መጥረጊያ እንኳ አላነሳም።»

«እኔም ቧንቧ ሠሪው ሲመጣ ሳህን አላነሳለትም...»

ኑዕማን አንገቱን ደፋ። «ቶሎ ውጣልኝ የምትዪኝ መስሎኝ ነበር።»

«ማን አለህ?»

በአገጩ በፈቃዱን አሳያት። ሙፈሪሓት ፎጣውንም ሳሙናውንም አየችና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

«ሙፈሪሓት፣ ወድጄሻለሁ» አላት። «ገና በሩን ስትከፍቺልኝ ነው የወደድኩሽ።»

መፋቂያውን ልትሰጠው ዘርግታ ነበር፤ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «በሚቀጥለው እሑድ መጥተህ ራስህ ውሰደው።»

እሑድ በሩን የከፈቱለት እትዬ ሰጂዳ ናቸው። «ሳምንቱን ሙሉ ኦቨኑን እንዳልነካው ከልክላኝ ከረመች» አሉት። «ልጅቷን ምን አድርገሃት ነው?»

ሙፈሪሓት ኩሽና ውስጥ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ቆማለች። «ክፈተው» አለችው።

ከፈተ። የዶሮ ስብ ደርቆ ወለሉን ለብሶታል፤ አይብ ሽቦው ላይ ተንጠልጥሏል፤ መስታወቱ ጠቁሯል። በሕይወቱ ያየው አንደኛ ቆሻሻ ኦቨን ነበር።

«ለእንግዳ ነበር የማጸዳው» አለች ፊቷን እንደሸፈነች። «አንተ ግን እንግዳዬ እንድትሆን አልፈልግም።»

ኑዕማን ተንበርክኮ ቀረ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ሽታው ነው አይደል?» አሉ እትዬ ሰጂዳ ከኋላው።

«አዎ፣ እትዬ» ብሎ ዋሸ። ከዚያ ዞር አለና፣ «ሽማግሌ ልላክ?»

እትዬ ሰጂዳ ኦቨኑን አዩ፤ እሱን አዩ። «መጀመሪያ እሱን ጨርሰው» አሉ።

ሙፈሪሓት አንዱን ጓንት ለእሱ ሰጠችው፤ አንዱን ራሷ አጥልቃ አጠገቡ ተንበረከከች።

ኒካሑ በጸደይ ታሰረ። ዛሬም ቤታቸው ቤተኛ የሆነ ሰው ኦቨኑን ከነቅባቱ ያየዋል። በፈቃዱ ይመጣል ሲባል ግን ሁለቱም ጓንታቸውን አጥልቀው ይፈትጉታል፤ ለዚያ ምክሩ ገና ይቅርታ አላደረጉለትም።