የእትዬ ማንያህልሻል ፊርማ

አንድርያስ ሥራውን የለቀቀው በኅዳር ወር፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። የመልቀቂያ ደብዳቤውን ለማኔጀሩ ሰጠ፣ መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ጃኬቱን አንጠልጥሎ ወጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ አጠገቡ የተቀመጠችውን ፀደይን በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ አያት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣውም።

በሩ ከተዘጋ በኋላም ፀደይ ዓይኗን ከዚያ አላነሳችም።

መሥሪያ ቤታቸው አሜሪካ፣ ሞርስ ሮድ በሚባል ጎዳና ላይ፣ ሰዎች ለጡረታቸው ያጠራቀሙትን የሚያስተዳድር አነስተኛ ድርጅት ነው። አንድርያስ የፋይናንስ አማካሪ፣ እሷ ደግሞ ረዳቱ ነበሩ። ደንበኞቻቸው አብዛኞቹ ከሠላሳ ዓመት በፊት በስደት መጥተው፣ መጋዘን ውስጥና ታክሲ ላይ ሠርተው፣ ቤት ገዝተው ልጆች ያሳደጉ ሐበሾች ናቸው። እሱ ያማክራቸዋል፣ እሷ ወረቀታቸውን ትይዛለች። ሰው ባለበት «ፀደይ» ይላታል፤ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ «ፀዲ»። ከዚህ ያለፈ ነገር በመካከላቸው ተነግሮ አያውቅም። እሷ ግን ከዚህች ትንሽ ልዩነት ብዙ ተስፋ ስታደርግ ኖራለች።

ሰኞ ጠዋት ማኔጀሩ ሊዮን ወደ ቢሮው ጠራት። ሊዮን ድምፁን ከፍ የማያደርግ አሜሪካዊ ነው። አንድርያስ አፐር አርሊንግተን በሚባለው ሰፈር ያለ ሌላ ድርጅት መግባቱን ነገራት። ደንቡ እንደሚፈቅድለት የደንበኞቹን ስም፣ ስልክ፣ አድራሻና ኢሜይል ብቻ ይዞ ሄዷል፤ ከዛሬ ጀምሮ ለእያንዳንዳቸው እየደወለ ተከተሉኝ ይላቸዋል። እኛም እንደውላለን፣ ቋንቋቸውን የምትችዪው ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ አላት። ልትወጣ ስትል፣ አንድርያስ አንዲት ስህተት ከሠራ የድርጅቱ ጠበቃ ሊከሰው ዝግጁ መሆኑን ጨመረላት።

ስልሳ ስም ያለበትን ዝርዝር ይዛ ተቀመጠች። ለደወለችላቸው ሁሉ እሱ ቀድሟት ደውሎ ነበር። አንዳንዶቹ እሺ ብለውታል፣ አንዳንዶቹ እስቲ ላስብበት ብለውታል። ስለ እሱ ሲያወሩላት ዝም ብላ ታዳምጣለች። ከመልቀቁ በፊት ለእሷም ሆነ ለደንበኞቹ ቢናገር በሕግ እንደሚያስጠይቀው ከማንም በላይ ታውቃለች። ማወቋ ግን አላሳረፋትም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከተማው በጉም ተሸፍኖ፣ ከመስኮቷ ፊት ለፊት ያለው መንገድ እንኳ አይታይም ነበር። ተራው የጋሼ ጀማነህና የባለቤታቸው የእትዬ ማንያህልሻል ሆነ። ሚነርቫ ፓርክ በሚባል ሰፈር የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሒሳባቸው የጋራ ነው። እትዬ ማንያህልሻል አንድ ጊዜ ለፊርማ ቢሮ ሲመጡ የፀደይን እጅ ይዘው፣ አንዴ እሷን አንዴ አንድርያስን እያዩ የሳቁት ሳቅ ትዝ ይላታል። በክረምቱ ደብረ ብርሃን እህታቸው ጋ ሄደው ነበር። ጋሼ ጀማነህ ተከትለዋቸው ሄዱና ብቻቸውን ተመለሱ፤ ማንያህልሻል እዚያው ትንሽ ትረፍ ብዬ ነው ይላሉ ለጠየቃቸው ሁሉ።

ስልኩ ብዙ ጠራ። ከዚያ ተነሣ፤ የሚናገር ሰው ግን የለም። በደረቅ ሣር ላይ እንደሚያልፍ ነፋስ ያለ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«ሄሎ? ጋሼ ጀማነህ ኖት?»

«የለም፣ ወጥቷል» አለ የሴት ድምፅ። ዝግ ያለ፣ ግን ጥርት ያለ ነበር። ፀደይ ወዲያው ለየችው።

«እትዬ ማንያህልሻል! መቼ ተመለሱ?»

ነፋሱ አንዴ ቀረብ፣ አንዴ ራቅ አለ።

«ፀዲ» አለ ድምፁ በመጨረሻ፣ «ልጁ ደህና አይደለም። ደውዪለት።»

ስልኩ አልተዘጋም፤ የመዝጋት ድምፅ አልሰማችም። ነፋሱ ብቻ ቀጥ አለ።

እንደ ልማዷ ቀኑንና ሰዓቱን መዝገብ ላይ አሰፈረች፦ ከሚስትየው ጋር ተነጋግሬያለሁ። ጽፋ ስትጨርስ የተጠራችበት ስም ትዝ አላት። ፀዲ የሚላት አንድ ሰው ብቻ ነው። ምናልባት እሱ ነግሯቸው ይሆናል ብላ አሰበች። እኔን ዝም ብሎ ሄዶ ለእሳቸው ስለ እኔ ያወራል? ተናደደች። አልደወለችለትም።

በሳምንቱ ረቡዕ፣ የባልና ሚስቱ ሒሳብ ወደ አንድርያስ አዲስ ድርጅት እንዲዛወር የሚጠይቅ ፎርም ደረሳት። ሁለት ፊርማ አለበት፤ ቀኑ ያለፈው ዓርብ ነው። ከሥሩ አንድርያስ፣ ሁለቱም ፊቴ ፈርመዋል ብሎ በእጁ አረጋግጧል። ወረቀቱን ገና ሳታስቀምጥ ስልክ ጠራ። ሚኒሶታ የምትኖረው የባልና ሚስቱ ልጅ አርሴማ ናት። እንግሊዝኛና አማርኛ እየቀላቀለች፣ አንድ የሒሳብ ባለቤት ሲሞት ምን ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ ጠየቀች።

«ማን ሞቶ ነው?» አለች ፀደይ።

«እማዬ። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ እዚያው ደብረ ብርሃን ነው የቀበርናት። አባዬ ለማንም እንዳልናገር ለምኖኝ ነበር፤ ግን እስከ መቼ?»

ፀደይ ምን ብላ እንዳጽናናቻት አታስታውስም። ስልኩን ስታስቀምጥ በአንድ ወገን የራሷ መዝገብ፣ በሌላ ወገን የተፈረመው ፎርም ተከፍቶ ነበር። እሷ ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት ከቀረው ሬሳ ጋር በስልክ አውርታለች። ያ ሬሳ ከሦስት ቀን በኋላ አንድርያስ ፊት ፈርሟል።

ሊዮን በዚያ ሲያልፍ አዲስ ነገር አለ ወይ አላት። ይህን ፎርም ብታሳየው አንድርያስ ዳግመኛ በዚህ ሙያ አይሠራም። ብትደብቀው ደግሞ የሟች ልጅ በእምነት የነገረቻትን ልትቀብር ነው። አንድ የማጣራው ነገር አለ፣ ነገ እኩለ ቀን ላይ እነግርሃለሁ አለችው። ከዚያ ኮቷን ለብሳ ወደ ፓርኪንጉ ወጣችና፣ ከዚያች ዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድርያስ ጋ ደወለች።

«ፀዲ» አለ። ድምፁ ተሰብሯል።

«እትዬ ማንያህልሻል ሲፈርሙ አይተሃቸዋል?»

«ሰምቻቸዋለሁ።»

«አይተሃቸዋል ወይ ነው ያልኩህ።»

«አላየኋቸውም።»

ሚነርቫ ፓርክ፣ ጋሼ ጀማነህ ቤት አጠገብ ካለው ሐይቅ ዳር፣ አንድርያስ መኪና ውስጥ ተገናኙ። ገና ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጉሙ ግን ውሃውንም ዛፉንም አንድ አድርጎታል። አንድርያስ ከስቷል። ፎርሙ የተፈረመበት ዓርብ ዕለት የሆነውን ነገራት። ጋሼ ጀማነህ፣ እሷ ትንሽ አሟት ተኝታለች ብለው ወረቀቱን ይዘው ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ፣ በሩንም ዘጉት። እሱ ሳሎን ተቀምጦ ሲጠብቅ የእትዬ ማንያህልሻልን ድምፅ ከበሩ ጀርባ ሰማ።

«ምን አሉ?»

«‹ያቺን ልጅ ብቻዋን ትተሃት መጣህ?› አሉኝ። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። እግዜር ይማርዎት ብዬ ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ። ገብቼ ማየት ነበረብኝ። አፍሬ ነው ያልገባሁት።»

ያን ጊዜ መሞታቸውን ነገረችው። አንድርያስ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀረ። ታዲያ አንቺ ምን ሰምተሽ ነው የጠየቅሽኝ አላት። እሷም በስልክ የሰማችውን አወራችው፤ ደውዪለት የሚለውን ልታስቀር ፈልጋ ነበር፣ ግን እሱንም ነገረችው። ለረጅም ጊዜ ተያዩ። ሦስት ዓመት በአንድ ቢሮ ተቀምጠው እንደዚያ ተያይተው አያውቁም።

አብረው ወደ ቤቱ ሄዱ፤ ጋሼ ጀማነህ በሩን የከፈቱት ገና ሳይንኳኳ ነው። ቤቱ ብርድ ብርድ ይላል። ጠረጴዛው ላይ የሴት መነጽር እጆቹ እንደተዘረጉ ተቀምጧል። ከሶፋው ሥር ያለ የሴት ነጠላ ጫማ አፍንጫው ወደ ውስጠኛው ክፍል ዞሯል።

አንድርያስ አርሴማ መደወሏን ቀስ አድርጎ ነገራቸው። ሽማግሌው ወንበሩን ተደግፈው ተቀመጡ።

«እኔ ነኝ የፈረምኩት» አሉ። «ስሟ ከስሜ ሥር ተጽፎ አየሁት። ሞታለች ብላችሁ ስሟን ትሰርዙታላችሁ። እሱን እንዴት አድርጌ ልየው?»

ፀደይ እጃቸውን ያዘች። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ስልኩን ያነሣው ማን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ማክሰኞ ማክሰኞ ለጉልበታቸው ሐኪም ቤት እንደሚሄዱ፣ ቤቱ ውስጥ ማንም እንደማይኖር ነገሯት። እሷም የሰማችውን ነገረቻቸው፤ አንድርያስም የእሱን ቀጠለ። ሽማግሌው አንዴ ወደ እሷ አንዴ ወደ እሱ እያዩ አዳመጡ። ፊታቸው ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ የተራበ ሰው ፊት ነበር።

«ለእናንተ ተናገረች?» አሉ። «እኔ ኮቴዋን ብቻ ነው የምሰማው። ከተመለስኩ ጀምሮ ማታም ቀንም ትሄዳለች። ተንበርክኬ ልፈርም ወይ ብዬ ስለምናት እንኳ አልመለሰችልኝም። ለእኔ አንድ ቀን፣ አንድ ቃል አልተናገረችም።»

ይህን ሲሉ ከውስጠኛው ክፍል ወለሉ ሲጥ አለ። ከዚያ ደግሞ አንድ እርምጃ። ከዚያ ደግሞ። ሦስቱም ዞሩ። ፀደይ የአንድርያስን እጅ መቼ እንደያዘችው አላወቀችም። ኮቴው በሩ ጋ ደርሶ ቆመ።

አንድርያስ እጇን ሳይለቅ ተነሣ፤ አብረው ሄደው በሩን ከፈቱ። ክፍሉ ባዶ ነው። መስኮቱ ዝግ፣ አልጋው የተነጠፈ። በግራ በኩል ብቻ ብርድ ልብሱ፣ ገብቶ እንደሚተኛ ሰው፣ ገለጥ ብሏል።

«እኔ ሶፋው ላይ ነው የምተኛው» አሉ ጋሼ ጀማነህ ከኋላቸው።

ሲወጡ አንድርያስ መኪናው አጠገብ ቆመ። ነገ ጠዋት ራሱ ሄዶ እውነቱን እንደሚናገር፣ ፊቴ ፈርመዋል ብሎ የጻፈው እሱ እንጂ ሽማግሌው እንዳልሆኑ ነገራት።

«ለሊዮን እኩለ ቀን ላይ እነግርሃለሁ ብዬዋለሁ» አለችው። «ከዚያ በላይ ጊዜ ልሰጥህ አልችልም።»

«ከዚያ በላይ አልጠይቅሽም» አላት። ከዚያም፣ «ፀዲ፣ የዚያን ዓርብ በሩ ጋ ልልሽ የፈለግሁት እወድሻለሁ ነበር። ሕግ የከለከለኝ መልቀቄን እንዳልናገር ነው፤ ይህን አልከለከለኝም። ዝም ያልኩት በገዛ እጄ ነው» አለ።

ግንባሯን ደረቱ ላይ አሳረፈች፤ ጉሙ እንደከበባቸው ቆሙ።

በማግሥቱ አንድርያስ ያደረገውን ለአዲሱ ድርጅት ተናገረ፤ በዚያው ቀን አሰናበቱት። በኋላም ሙያውን የሚቆጣጠረው አካል ለስድስት ወር እንዳይሠራ አገደው። ፀደይ እኩለ ቀን ላይ የእትዬ ማንያህልሻልን ሞት ለሊዮን አሳወቀች። አንድርያስ ራሱ ቀድሞ ስለተናገረ ጠበቃው የሚሠራው አልነበረውም። ሊዮን መዝገቡን ሲያገላብጥ፣ ከሚስትየው ጋር ተነጋግሬያለሁ የሚለው ላይ ቆመ። ቀኑ ተሳስቶ ይሆን አላት። የጻፍኩት የሰማሁትን ነው አለችው። ብዙ አይቷት መዝገቡን ዘጋው።

የብርዱን ወራት አንድርያስ በቫን ዕቃ ሲያደርስ ከረመ። ሲጨርስ ሞርስ ሮድ መጥቶ ይወስዳታል፤ እጁ በብርድ ተሰነጣጥቆ ይመጣል፤ እሷ በእጆቿ መካከል አድርጋ እስኪሞቅ ትይዘዋለች። በእነዚያ ወራት ስለ ሦስት ዓመታቸው ሁሉንም አወሩ፤ ማን መጀመሪያ እንደወደደ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። በጥር ሽማግሌ ልኮ ጠየቃት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሼ ጀማነህ ነበሩ።

ከፋሲካ በኋላ አርሴማ አባቷን ልትወስዳቸው መጣች። ቤቱ ተሸጧል። ፀደይና አንድርያስ ሻንጣዎቹን መኪናው ላይ ሲጭኑ አረፈዱ። ቀኑ ብሩህ ነበር፤ ጎረቤት ሣር ያጭዳል። ሁሉም ከወጣ በኋላ ሽማግሌው በሩን ሊዘጉ ተመለሱ።

አልዘጉትም። እጀታውን ይዘው፣ ገለል ብለው፣ ቀስ ብሎ ለሚራመድ ሰው መንገድ እንደሚለቅ ቆሙ። አርሴማ «አባዬ?» ብላ ልትጠራቸው ስትል አንድርያስ በዓይኑ ከለከላት። ነፋስ የለም። ፀደይ ግን በአጠገቧ አንድ ነገር ሲያልፍ፣ ጉንጯንም እንደ መዳፍ ዳሰስ ሲያደርጋት ተሰማት።

ጋሼ ጀማነህ አንገታቸውን ወደ አንድ ወገን ዘንበል አድርገው ለጥቂት ጊዜ አዳመጡ። ፊታቸው ቀስ እያለ ፈካ።

«እሺ» አሉ፣ ከእነሱ አንዳቸውም ላልተናገሩት ነገር። በሩንም ዘጉት።