ወደ ግድግዳ የወጣ ደረጃ

አባቷ ሲሞት ሰው ሁሉ ታለቅሳለች ብሎ ጠበቃት። እሷ ግን ሐዘንተኛው ተበትኖ ቤቱ ጭር እንዳለ የአባቷን ሰማያዊ ቱታ ለብሳ፣ እጅጌውን ጠቅልላ ብየዳ ቤታቸው ገባች። ኮሌጅ የጀመረችውን ምህንድስና የመጀመሪያውን ዓመት ሳትጨርስ እርግፍ አድርጋ ተወችው። ታላቅ ወንድሟ ይበይዳል፤ እሷ ንድፍ እያነበበች ብረቱ የት ላይ እንደሚቆረጥ በጠመኔ ታሰምራለች።

«ደህና ነሽ?» ሲሏት መልሷ «እንጃ» ነው። ምሳ ትበያለሽ? እንጃ። ዛሬ ብርድ አይደለም? እንጃ። ጎረቤቱ ጨካኝ ናት ይላል፣ ዘመድ ብርቱ ናት ይላል። እውነቱን ለመናገር ጭካኔም ብርታትም አልነበራትም። ውስጧ ምንም አልነበረም፤ ብረት ሲቆርጣት እንኳ የምታውቀው ጠመኔው ሲቀላ አይታ ነው።

መምህሩን ያመጣባት ዝናብ ነው። በቴክኒክ ትምህርት ቤት ጀማሪዎችን የሚያስተምር ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄድም ሲቆምም ቀጥ ያለ ወጣት ነው። ዝናቡ ሲያባርረው ከብየዳ ቤቱ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ገባ። ብብቱ ሥር ከያዛቸው ወረቀቶች አንዱ አምልጦት በረረና፣ ወንድሟ ገና በይዶ ያስቀመጠው ብረት ላይ አረፈ። ለማንሳት እስክትደርስ መሃሉ ተቃጥሎ ተበሳ።

«ስለ ምን ነበር የተጻፈው?» አለ ወንድሟ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ።

«ስለ ሙቀት» አለ መምህሩ። «ብረት ሲሞቅ ምን እንደሚሆን።»

«እንግዲህ ወረቀት ሲሞቅ ምን እንደሚሆንም ጨምርበት።»

መምህሩ ከልቡ ሳቀ። ለጀማሪ ተማሪዎች የሚሆን ማስታወሻ እየጻፈ እንደሆነ ነገራቸው፤ ስለ ብረታ ብረት ጠባይ፣ ስለ ጥንካሬ፣ ስለ ንድፍ አነሳስ። እሷን ዞር ብሎ ሲያያት፣ እሱ ወረቀቱ ላይ ከሣለው ጋር አንድ ዓይነት መስመር በጠመኔዋ ብረቱ ላይ አስምራለች።

«ተምረሻል ማለት ነው?»

«ጀምሬ ትቻለሁ። የብረት ጠባይ የሚለው ላይ ስንደርስ ተውኩት።»

«እንግዲያው የምጽፈው ላንቺ ነው። እያነበብሽ ያልገባሽን ጠይቂኝ።»

«እንጃ» አለች። እሱ እሺ እንዳለች ቆጠረው።

ከዚያ ወዲያ አዲስ ምዕራፍ በጻፈ ቁጥር ብቅ ይል ጀመር። ወንድሟ ቀጥ ማለቱን አይቶ «ማስመሪያው መጣልሽ» ይላታል። ወረቀቶቹ ላይ ስለ ፍቅር አንድ ቃል አልነበረም፤ መዳብ ሲስቡት ይለጠጣል፣ ብርጭቆ ሳይታጠፍ ይሰበራል፣ ሠሪ ያልገባውን ሳይጠይቅ አይቁረጥ፤ ይኸው ነው። እሷ አንብባ ትመልስለታለች፣ «ሁሉም ገብቶኛል» ብላ።

«እኔ ሁሉም የገባው ተማሪ አይቼ አላውቅም» አለ አንድ ቀን። «አንድ ጥያቄ እንኳ የለሽም?»

«የለኝም።»

«እሺ እኔ ልጠይቅሽ። ብረት ይደክማል?»

«ይደክማል። ጫና ሲመላለስበት።»

«ሲደክም በምን ይታወቃል?»

መልሱን ታውቀዋለች፤ እሱ ራሱ ጽፎታል። ውጪው እንደ ደህና ሆኖ ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል፣ ሰው የሚያውቀው ሲሰበር ነው። ዓይኗን ከዓይኑ ላይ አንስታ ጠመኔዋን መፈለግ ጀመረች፤ ጠመኔው በእጇ ነበር።

«እኔ እወድሻለሁ» አለ መምህሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንቺስ?»

«እንጃ።»

ተከፋ፤ መከፋቱንም አልደበቀም። «እንጃ እምቢ አይደለም» አለ ቆይቶ። እሺም አይደለም፤ ግን በሚቀጥለው ምዕራፍ ተመልሶ መጣ።

ሲመጣ ሥራ ይዞ ነበር። ልብስ ሰፊዋ እናቱ ቤት ፎቅ ላይ አንድ ባዶ ክፍል አለ። መውጫው በውስጥ በኩል ብቻ ስለሆነ ከውጭ ግድግዳውን ይዞ እስከ ክፍሉ የደጅ በር የሚወጣ፣ መሃል ላይ የሚታጠፍ የብረት ደረጃ ይፈልጋል። ንድፉን ራሱ ነድፎታል። ከፊት የሚታየውንና ከጎን የሚታየውን ሠርቶ፣ ከላይ የሚታየውን በጥድፊያ ትቶታል።

እዚህ ላይ አንባቢ ትንሽ ይታገሰኝ፤ የነገሩ ጣጣ ሁሉ እዚህ ነው። ከጎን የሚታየው መልክ ከፊቱ መልክ አጠገብ ይነደፋል። አንዱ ስልት ከግራ የታየውን በግራ ያስቀምጠዋል፤ ሌላው ስልት ከግራ የታየውን አሻግሮ በቀኝ ያደርገዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ብቻ ነዳፊው የትኛውን እንደተጠቀመ ወረቀቱ ጥግ ላይ ትንሽ ምልክት ማኖር አለበት፤ አለዚያ የሚታጠፈው ነገር በተቃራኒው ይታጠፋል።

የመምህሩ ወረቀት ጥግ ባዶ ነበር። ለተማሪዎቹ ሺህ ጊዜ የተናገረውን ምልክት ረስቶታል።

እሷ ግን አየችው። ባዶነቱን ቆማ አየችው፣ መጠየቅ እንዳለባትም አወቀች፤ መምህሩ ራሱ በዚያው ሰዓት ከወንድሟ ጋር ደጅ ላይ ቆሞ ያወራ ነበር። አፏን ለመክፈት ሰነፈች። ምን ቸገረኝ የሚል ሐሳብ እንኳ አልመጣባትም፤ ዝም ብላ አባቷ ባስተማራት ስልት አንብባ አሰመረች። ወንድሟ «ቦታውን ሄደሽ አታዪም?» ሲላት «ልኩ ወረቀቱ ላይ አለ» አለችው።

ደረጃው የተተከለ ቀን የመጀመሪያው እርከን አማረ። ከመታጠፊያው በላይ ያለው ግን ወደ በሩ በመዞር ፈንታ ወደ ሌላው ጎን ዞረና ቀጥ ብሎ ሄዶ ልሙጥ ግድግዳ ላይ ቆመ። እናትየው በሩንና ደረጃውን በየተራ አዩ።

«እኔ እንኳ በር ላይ የሚያወጣ መስሎኝ ነበር» አሉ ረጋ ብለው።

ወንድሟ ወረቀቱን ዘርግቶ ጥጉን በጣቱ መታው። «ምልክቱ የታለ? አንተ አይደለህ እንዴ አስተማሪው? የእህቴን ልፋት፣ የኔን ብረት ገደል ከተትከው።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ መምህሩ። «ረስቼዋለሁ።»

«ሁለተኛ ደጃፌ እንዳላይህ። ብየዳ ቤት የምትመጣው ለሥራ መስሎኝ ነበር።»

መምህሩ እሷን አያት። አንድ ቃል ብትናገር ነገሩ ይለወጥ ነበር። እሷ መሬት መሬት ታይ ነበር፤ ያየችውን ባዶ ጥግ ዋጥ አድርጋ ዝም አለች።

ከዚያ በኋላ ምዕራፍ የሚያመጣላት ጠፋ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ወንድሟ ወደ ጥላው ሥር ቀና ብሎ ያይና «ማስመሪያው ቀረ» ይላል፣ ራሱ እንዳላባረረው ሁሉ። እሷ ታሰምራለች።

የተሳሳተውን እርከን ቆርጦ ማዞር ግድ ነበርና፣ መቁረጫውን እንድታሰምር ወንድሟ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ላካት። እናትየው የስፌት መኪናቸውን አቁመው ክፍሉን ሊያሳዩዋት በውስጥ በኩል ይዘዋት ወጡ። ባዶ ነው፤ ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ አንድ ሰፊ መስኮት አለው።

«ሊያከራዩት ነው፣ እማማ?»

«የምን ኪራይ፣ ልጄ። ሚስት ሲያገባ ሊኖርበት ነው እንጂ። በኔ መኪና ጫጫታ መሃል ሙሽራ አይገባም ብሎ ነው የውጭ ደረጃ ያለው።» ቀና ብለው አዩዋት። «ነገር ሁሉ 'እንጃ' የምትል አንዲት ልጅ አለች ይለኛል። አንቺ ነሽ አይደል?»

የለመደችው ቃል አፏ ላይ መጣ። ወደ ውስጥ መለሰችውና «ነኝ» አለች።

«ይኸው አሁን ሩቅ ያለ ፋብሪካ ሊቀጠር ነው። በዚህ ሳምንት ይሄዳል። ያን ሲጽፈው የከረመውንም ተወው፤ ጀማሪ የማይስተውን የሳትኩ ሰው ለጀማሪ አልጽፍም አለኝ።»

ወደ ደጅ ወጥታ ደረጃውን ከታች ጀምራ ወጣችው። ታጠፈች፣ እስከ ጫፉ ሄደች፣ እዚያ ግድግዳው ፊት ለፊት ተቀመጠች። መደገፊያው ገና አልተሞረደም ነበርና ይዛው ስትቀመጥ መዳፏን ላጠው። እጇን አየችው። ከዚያ አመማት። በጣም አመማት፣ እስከ ክንዷ ድረስ፤ «ወይኔ አባባ» የሚል ድምፅ ከአፏ ወጣ። ግድግዳውን እያየች አለቀሰች፤ ለአባቷ ይሁን፣ ለመምህሩ ይሁን፣ ለእጇ ይሁን መለየት አልቻለችም። ሳታሰምር ወረደች።

ወንድሟ የታሰረውን እጇን ሲያይ መበየጃውን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ጥጉ ባዶ መሆኑን አይቼው ነበር» አለችው። «ሳላሰምር በፊት።»

«አይተሽ ለምን አልጠየቅሽም?»

«አባባ ከሞተ ወዲህ ምንም ጠይቄ አላውቅም።»

«እኔንስ እንዴት እንዳለሁ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» አለ ወንድሟ፤ ቶሎ ብሎም መነጽሩን አወረደ። «እሱ ግን ሌላ ነው። ሰው ፊት አዋርጄዋለሁ። ሂጂና ንገሪው፣ ይቅርታውን እኔ ራሴ መጥቼ እጠይቀዋለሁ።»

መምህሩን ትምህርት ቤቱ፣ ተማሪ በሌለበት ክፍል ውስጥ አገኘችው፣ ዕቃውን ከጠረጴዛው ላይ ሲሰበስብ። በሩ ላይ እንደቆመች ሁሉንም ነገረችው። ፊቱ ጠቆረ።

«አይተሽ ነው ዝም ያልሽው? እኔ ስሰደብ አጠገቤ ቆመሽ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«አልተሰማኝም ነበር። አሁን ግን ያመኛል።» የታሰረ እጇን ሳታስበው ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ጠይቂኝ ስትለኝ ነበር። ልጠይቅህ? ትሄዳለህ?»

መምህሩ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ።

«እንጃ» አለ።

ያ ቃል ለሚሰማው ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቀችው ያኔ ነው። ስንት ጊዜ እንዲህ አድርጋ እንደሰደደችው አሰበች። መውጣት ይቀላት ነበር፤ ገብታ ከፊት ያለው የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«እንግዲያው እስክታውቅ እዚህ እቀመጣለሁ። ሌላም ጥያቄ አለኝ፤ ብዙ ነው። ሁሉም ገብቶኛል ያልኩህ ውሸቴን ነው። ስለ ሙቀት የጻፍከው ገጽ ተቃጥሎ ቀርቷል፣ እሱን አላነበብኩትም። ደግሞ እወድሃለሁ። ይሄ ጥያቄ አይደለም።»

መምህሩ ጠመኔ አነሳና ሰሌዳው ጥግ ላይ ያቺን የረሳትን ምልክት ሣለ። ቀጥሎ ደረጃውን መንደፍ ጀመረ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«በየት በኩል ነው የሚዞረው?» አለችው።

«ወደ በሩ» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። «የፎቁ ክፍል መስኮት ጠዋት ፀሐይ ያገባል። ይስማማሻል?»

«ይስማማኛል።»

ደረጃው ዛሬ በሩ ላይ ያወጣል። ግድግዳው ላይ የተሳሳተው እርከን የታሰረባቸው ቀዳዳዎች አሁንም አሉ፤ መምህሩ ልድፈናቸው ሲል እሷ አስቀረቻቸው። የማስታወሻው መጽሐፍም አልቋል፤ የሙቀቱ ምዕራፍ ከሁሉ ረጅሙ ነው። ሐዘኗ አልጠፋም፣ አንዳንድ ቀን ቀኑን ሙሉ ዝም ብላ ትውላለች። ግን ጠዋት ወደ ብየዳ ቤቱ ለመሄድ የአባቷን ቱታ ለብሳ ስትወርድ አማቷ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው «ዛሬ ብርድ አይደለም፣ ልጄ?» ይሏታል።

«ብርድ ነው፣ እማማ» ትላቸዋለች።