የዶርቃስ ቀኝ ትከሻ

ዶርቃስ «ደህና ነኝ» ማለት ትችልበት ነበር። ሰይፈዲንን ለብዙ ወራት ያታለለችው በዚችው ቃል ነው።

የተገናኙት አምቦ ውስጥ፣ ወለሉ በተሰነጣጠቀ የሲሚንቶ ቴኒስ ሜዳ ላይ ነው። እሱ ከወልቂጤ መጥቶ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ስፖርት ሳይንስ ይማራል፤ የመመረቂያ ጥናቱም ወጣት የቴኒስ ተጫዋቾችን ለጉዳት ስለሚያጋልጡ ነገሮች ነው። እሷ ለክልሉ ቡድን ለመመረጥ ትለማመዳለች። አንድ ቀን አብሯት የሚጫወት ሰው ስታጣ ራኬት አነሣላት፤ በዚያው ቀረ።

አባቷ ኦቦ ደግፌ መምህርና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ከሙስሊም ልጅ ጋር ሻይ ስትጠጣ ታየች ቢባሉ ቀና ብለው አይሄዱም። ልምምዱን ግን ፈቅደውላታል። እናም የሁለቱ ፍቅር ከሜዳው ሌላ መጠለያ አልነበረውም፤ ልምምድ ከሌለ መተያየት የለም።

ስለዚህ ዶርቃስ ዕረፍት የሚባል ነገር ረሳች። ትከሻዋ እየጠዘጠዛት በየቀኑ ትመጣለች፤ ኳሷን ከአናቷ በላይ ወርውራ ትመታለች፤ ያማት እንደሆነ ሲጠይቃት ትስቃለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የእሷ መድኃኒት ደግሞ ከመረቡ ማዶ ቆሞ ነበርና ምን ታድርግ?

አንድ ከሰዓት በኋላ ራኬቱ ከእጇ ወደቀ። ልታነሣው ብትል ክንዷ እምቢ አላት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት ሰይፈዲን።

«ካረፍኩ አላይህም» ብላ አለቀሰች።

ሲያጠናው የኖረው አደጋ እሱ ራሱ ሆኖ ተገኘ። ለማንም እንዳይናገር ለመነችው። እሱ ራኬቷን ከወለሉ አነሣላት።

በማግስቱ ቤታቸው መጣ። ዶርቃስ ከጓዳ ሆና ሰማችው። ትከሻዋ መጎዳቱን፣ ለወራት ማረፍ እንዳለባት፣ እዚህ የደረሰችውም እሱን ለማየት ስትል መሆኑን ለአባቷ አንድም ሳይደብቅ ነገራቸው።



«አሳክማታለሁ» አሉ ኦቦ ደግፌ። «ስትድንም ትጫወታለች። አንተ ግን ሁለተኛ አጠገቧ እንዳትደርስ።»

ዶርቃስ እንዲከራከርላት ተመኘች። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ወጥታ ከጎኑ ለመቆም ቆርጣ ነበር።

«እሺ ኦቦ ደግፌ» አለ ሰይፈዲን። «ብቻ ዛሬውኑ ሐኪም ይያት።»

ያን እሺታውን ስትሰማ ጓዳው ውስጥ ቁጭ አለች።

ትከሻዋ ዳነ። ሰይፈዲን ተመርቆ ሊሄድ መሆኑን ስትሰማ መናኸሪያ ድረስ ሄደች። ፊት ለፊት ቆሙ።

«ትከሻሽስ?» አላት።

ቀኝ እጇን ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ዘርግታ አሳየችው። ፈገግ አለ፤ ዐይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ገባ።

አውቶቡሱ ጥግ ዞሮ እስኪሰወር ድረስ እጇን አላወረደችውም።