መሃል ላይ ያለችው ነጥብ

ናርዶስ ሥራዋ ምን እንደሆነ ስትጠየቅ «ሰው ከሰው ጋር ያለውን ግንኙነት በሥዕል አሳያለሁ» ትላለች። እናቷ ወይዘሮ አስካለ ግን ነገሩን አሳጥረው «ልጄ ነጥብ ትስላለች» ይሉና፣ ሰሚው ግራ ሲጋባ «ለዚያውም ደመወዝ ይከፈላታል» ብለው ይስቁባታል። ያን ክረምት እናትና ልጅ ከሰዓት በኋላውን በኮንዶሚኒየሙ የመጨረሻ ፎቅ፣ ከቆርቆሮው ሥር ያሳልፉት ነበር፤ እናት ዳንቴል እየሠሩ፣ ልጅ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲወቅጠው ወሬያቸውን እያቋረጡ፣ ሲያባራ ካቆሙበት እየቀጠሉ።

ሙያውን ያስተማሯት አለቃዋ ጋሽ ተካልኝ ናቸው። እሳቸው ሲጀምሩ ኮምፒውተር ብሎ ነገር በቢሮው አልነበረም፤ ኮምፔንሳቶ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ሚስማር ይመቱና የሚቀራረቡትን በክር ያስተሳስሩ ነበር። ኋላ ወረቀት ላይ ክብ በክብ ውስጥ መሳል መጣ፤ ብዙ ሰው የመረጠው መሃል፣ ማንም ያልመረጠው ምስኪን ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። አሁን ማሽኑ ራሱ ነው የሚያስቀምጣቸው። መስመሩ እንደ ላስቲክ የተሳሰሩትን ያቀራርባል፣ ነጥቦቹ ደግሞ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ሥዕሉ ብርድ ብርድ እንዳለው ሰው ሲንቀጠቀጥ ይቆይና ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ ይረጋል። ጋሽ ተካልኝ መንቀጥቀጡን አይወዱትም። እስኪረጋ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ታዲያ ቢሮው ናርዶስን ለጥቂት ወራት ጅማ መደባት፤ ጭንቁም የመጣው ይኼኔ ነው። ወይዘሮ አስካለ የስኳር በሽታ አለባቸው። ስኳራቸው ሲወርድ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ያሉበትን ይረሳሉ፣ ቶሎ ስኳር በውኃ በጥብጦ የሚያጠጣቸው ካልተገኘ ይወድቃሉ። እንግዲህ ቁልፍ ይዞ ብቅ እያለ የሚያያቸው ሰው ያስፈልጋል። ማን ይታመናል? ሌላው ሰው ተጨንቆ ተጠቦ የሚወስነውን ናርዶስ ሥዕል ልትስልበት ተነሣች።

በዚያ ሕንፃ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ቤቱ የማይውል ሰው በርሜሉ ባዶ እንዳይቀር ቁልፉን ለጎረቤት ትቶ ይወጣል። ናርዶስ በየበሩ እያንኳኳች ቁልፋቸውን ለማን እንደሚተዉ ጠየቀች። ምድር ቤት ያሉት ጡረተኛው ሻምበል ደግፌ «የነጥብ ሐኪም መጣች» ብለው ተቀበሏት፤ ጥያቄውን እንደሰሙም ሳያመነቱ የኪዳን እናት ናት አሏት። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ዘሀራ፣ እጇ በሳሙና አረፋ እንደተነከረ፣ ከኪዳን እናት በቀር ማን አለኝ አለች። ሌሎቹም እንዲሁ። በዚያ ሰፈር ሴት የምትጠራው በልጇ ስም ነውና ናርዶስም የራሷ ስም ማን እንደሆነ ለመጠየቅ አላሰበችም፤ እሷም እንደ ሁሉም ሰው የምታውቃት መስሏታል።

መልሶቹን ላፕቶፗ ላይ አስገብታ ሥዕሉ ሲረጋ ደስ አላት። አንዲት ነጥብ መሃል ላይ ተተክላ፣ የሕንፃው ቀስት ሁሉ ወደሷ ተመዝዟል። እንዲህ የምትታመን ሴት ካለችማ ለእማዬ ሌላ ማን ያስፈልጋል ብላ፣ ላፕቶፗን ዘግታ ልታነጋግራት ወጣች።

ቤቷን ግን አጣችው። ሻምበል «ከኛ በላይ ነው» አሏት። ዘሀራም ከላያችን ነው አለች። ከእነናርዶስ ጋር እዚያው መጨረሻው፣ አራተኛው ፎቅ ላይ ያሉት አዲስ ተጋቢዎች ሳይቀሩ ከላይ ነው አሏት፤ ባልየው ከስልኩ ዓይኑን ሳያነሣ ጣቱን ወደ ኮርኒሱ ቀሰረ። ከዚያ በላይ ቆርቆሮና የውኃ ሮቶ ብቻ ነው ያለው።

ተመልሳ ስትገባ ዝናቡ አባርቶ ነበርና ከራሷ በላይ የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማች፤ እየተጎተተ፣ ቆም እያለ፣ ልክ ሰው ባልዲ ከክፍል ወደ ክፍል ሲያመላልስ እንደሚያሰማው ያለ፣ ጨርሶ የቆርቆሮ ድምፅ የሌለበት ርምጃ። ወይዘሮ አስካለ ዳንቴላቸውን አላቋረጡም። የኪዳን እናት ናት፣ ቁልፉን ከሰጠኋት ቆይቷል አሉ። ናርዶስ መልኳ ምን እንደሚመስል ጠየቀቻቸው። የእናትየው ኪሮሽ በአየር ላይ እንዳለ ቀረ።

«ጀርባዋን ነው የማውቀው» አሉ በመጨረሻ፣ ራሳቸውም ገርሟቸው። «ሁልጊዜ ስትወጣ ነው የማያት።»

ናርዶስ ወደ ኩሽና ገባች። ውኃ ከሄደ ሰንብቷል፤ በርሜሉ ግን እስከ አፉ ሞልቷል። ክዳኑን ስታነሣው ተዘግቶ የከረመ ቤት ሽታ፣ የሻገተ ፍራሽና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ወደ ፊቷ ወጣ፤ ውኃውም ማንም ሳይነካው በቀስታ ይዞር ነበር፣ አሁን ገና እጅ የወጣበት ይመስል።

በማግስቱ ከሰዓት ከሱቅ ስትመለስ መብራት ጠፍቷል። ደረጃው ከደመናው የተረፈች ብርሃን ብቻ ነበረችውና ከፊቷ የምትወጣውን ሴት መጀመሪያ ሰማቻት እንጂ አላየቻትም፤ በሲባጎ የታሰሩ ብዙ ቁልፎች ርምጃ በተራመደች ቁጥር ይንሿሿሉ። ነጠላዋን እስከ አናቷ ተከናንባለች። ናርዶስ ጤና ይስጥልኝ አለች፤ ሴትዮዋ አልዞረችም፣ አልፈጠነችምም። አራተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ያልቃል። ናርዶስ እዚያ ስትደርስ ማንም አልነበረም፤ ነጠላ ጫማው ግን ከግድግዳው ወዲያ፣ ደረጃ በሌለበት፣ እየራቀ መውጣቱን ቀጥሏል።

ለጋሽ ተካልኝ ደወለች። ያየችውን መናገር አፈረችና ስለ ሥዕሉ ብቻ ነገረቻቸው፤ መሃል ያለችውን አጥፍቼ ቀጥሎ የሚታመነውን ሰው ልይ አለች።

«በኛ ጊዜ» አሉ ሽማግሌው፣ «ክሩን ሌላ ሚስማር ላይ ሳናስር አንዱን አንነቅልም ነበር። ሁሉን የያዘው እሱ ቢሆንስ?»

ናርዶስ አመስግና ዘጋች። በዚህ ሕንፃ ሰው ሁሉ ተሳስቶ ለማያውቃት ነገር ቤቱን ከፍቷል፤ እሷ ግን እናቷን አትሰጥም። ነጥቧን መርጣ አጠፋቻት።

ሥዕሉ ተንቀጠቀጠ። ነጥቦቹ የሚይዛቸው ላስቲክ አጥተው፣ አንዱ ሌላውን እየገፋ፣ ወደ ስክሪኑ ጠርዝ ጠርዝ ተበተኑ፤ በሻምበልና በዘሀራ መካከል፣ በባልና በሚስቱ መካከል እንኳ አንዲት መስመር አልቀረችም። በእሷና በእናቷ መካከል ራሷ ያሰመረቻት መስመርም የለችም። ያችን መስመር ናርዶስ አልነካቻትም ነበር። በዚያው ቅጽበት ከደጅ ይሰማ የነበረው የሕፃናት ጫጫታ ጸጥ አለ፣ ዘሀራ የጀመረችው ሳቅ መሃል ላይ ተቆረጠ፣ ከዚያም ከታች ወደ ላይ፣ ፎቅ በፎቅ፣ በሮች በዝግታ እየተዘጉ መቀርቀሪያቸው ሲገባ ተሰማ።

ቁልፏን ሳትይዝ ሮጣ ወረደች። ሻምበል በሩን በጣት ስፋት ከፍተው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ ቀልድ የሚያውቀው ፊታቸው እንደ ግድግዳ ደርቋል። ማንን ፈልገው ነው አሏት። ዘሀራ ጨርሶ አልከፈተችም፣ ከውስጥ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል። ናርዶስ ወደ ላይ ስትመለስ የራሷም ቤት ተቆልፎ ነበር።

ደጋግማ አንኳኳች። ወይዘሮ አስካለ ሰንሰለቱን ሳይፈቱ ብቅ አሉ። ግንባራቸው በላብ ርሷል፣ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል፤ ስኳራቸው ወርዷል።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ፤ ክፈቺልኝና ስኳር ልበጥብጥልሽ።»

«ቤት ተሳስተው ይሆናል» አሉ በትሕትና። «እኔ ልጅ የለኝም።»

በሩ ተዘጋ፣ ቁልፉ ዞረ። ጥቂት ቆይቶ ወንበር ሲገለበጥና ከባድ ነገር ወለሉ ላይ ሲያርፍ ሰማች። ጮኸች፣ በሩን በትከሻዋ ገፋች፣ የአዲስ ተጋቢዎቹን በር በሁለት እጇ ደበደበች። በዚያ ሁሉ ቤት ሰው አለ፤ ብቅ ያለላት ግን አንድም አልነበረም።

ከዚያ ያ የተዘጋ ቤት ሽታ መጣ፣ ቀጥሎ የቁልፎቹ መንሿሿት፤ ነጠላ ጫማው ደረጃ ከሌለበት ከላይ እየተጎተተ ወረደና ልክ ከኋላዋ ቆመ።

«ናርዶስዬ» አላት ድምፁ፣ በሕንፃው ውስጥ ስሟን የሚያውቅ ብቸኛው ድምፅ። «ልክፈትልሽ?»

ናርዶስ ዞራ ለማየት አልደፈረችም። ውስጥ የእናቷ ትንፋሽ እየተቆራረጠ ነው። ፊቷን ከግድግዳው ለጥፋ «እባክሽ» አለችና ፈቀቅ አለችላት፤ ቁልፉ ዞሮ በሩ ተከፈተ፣ ስኳር በብርጭቆ ሲማሰል ተሰማ፣ በሩም ከውስጥ መልሶ ከተቆለፈ በኋላ ወይዘሮ አስካለ ነፍሳቸው መለስ ብሎ፣ በዚያ ለገዛ ልጃቸው ብቻ በሚያወጡት ድምፅ፣ «መጣሽ ልጄ?» ሲሉ ናርዶስ ከደጅ ሆና ሰማቻቸው።