የማዙ ቻናል ብቻ ለምን ይቆራረጣል?

«ይኸው፣ ደግሞ ተበጣጠሰች» አሉ አያቷ፣ ሪሞቱን ጉልበታቸው ላይ ጥለው።

ዋንጁን ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና ቴሌቪዥኑን አየች። ቻናል ሃያ ሁለት የባሕር ሴት አምላክ የሆነችውን የማዙን ዓመታዊ ጉዞ በቀጥታ ያስተላልፋል። ግን ሕዝቡም፣ ርችቱም፣ በሰው ትከሻ የምትጓዘው የባሕሯ እናት ዙፋንም ካሬ ካሬ ሆነው ተቆራርጠው ቆመዋል።

«እስቲ ሌላ ቻናል ይሞክሩ አባባ።»

ሞከሩ። የምግብ ዝግጅቱ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሴትዮዋ የምትከትፈው ነጭ ሽንኩርት ሳይቀር ይቆጠራል። ቤዝቦሉም ደህና ነው። ወደ ሃያ ሁለት ሲመለሱ ግን ያው መበጣጠስ።

«አየሽ? እሷ ብቻ ናት። ፊቷን አዙራብኛለች።»

አያቷ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ከማዙ ጋር ዘጠኝ ቀን በእግራቸው ተጉዘዋል። ዘንድሮ የልብ ሐኪማቸው «ከቤት እስከ ገበያ፣ ከዚያ አይለፉ» ስላላቸው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ምግብም በቅጡ አይበሉም። ዋንጁን ታዝንላቸዋለች፤ ከሁሉ በላይ ግን ‹ያበላሸሁት እኔ እሆን?› የሚለው ጥርጣሬ ነው የሚያስጨንቃት።

ቅዳሜ ዕለት ጓደኛዋ ዩቲንግ አሮጌ ቴሌቪዥን አምጥታላት ነበር። ሳሎን ካለው ኬብል ላይ አንዱን መስመር ለሁለት የሚከፍል ማከፋፈያ ገጥመው፣ በቁም ሳጥኑ ጀርባ አድርገው ወደ ዋንጁን ክፍል መስመር ሳቡ። እናቷ የመግቢያ ፈተናው እስኪያልፍ የዘፈን ውድድር እንዳታይ ከልክላታለች። ከታወቀባት ስልኳም አብሮ ይወሰዳል። ታዲያ ጥፋቱ የማከፋፈያው ይሆን? የእሱ ቢሆንማ ሁሉም ቻናል በተበላሸ ነበር። ደግሞ ጠዋት ኬብሉን ከራሷ ቴሌቪዥን ላይ ነቅላዋለች፤ ምንም አልተለወጠም። ነገሩ ግራ ገባት።

ጓዳ ገብታ ወደ ኬብል ድርጅቱ ደወለች። ባለሙያ የሚመጣው ሰኞ ነው ተባለች።

«ቤት ውስጥ ማከፋፈያ አላችሁ?» አለ ስልኩን ያነሳው ሰው።

«የለንም።» አፏ ላይ የመጣላትን ነው ያለችው።

«እሺ፣ ሃያ አንድና ሃያ ሦስትስ እንዴት ናቸው?»

ሳሎን ሄዳ ሪሞቱን ተቀበለች። ሃያ አንድ ላይ ያለው የዓሣ ማጥመድ ዝግጅት ተቆራርጧል። ሃያ ሦስት ላይ ያለው የዕቃ ማሻሻጫም ተቆራርጧል። አያቷ እነዚህን ቻናሎች ከፍተው አያውቁም።

«ቻናሎቹ በቡድን በቡድን ነው የሚላኩት» አለ ሰውየው። «የኬብሉ ጫፍ ከላላ አንዱን ቡድን ያበላሽና ሌላውን ጭራሽ ላይነካው ይችላል። ከግድግዳው ጀምረሽ መጋጠሚያዎቹን በሙሉ አጥብቂ። ካልሆነ ሰኞ እንመጣለን።»

ዋንጁን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ተሹለክልካ ገባች። ማከፋፈያው ላይ ስትደርስ አንደኛው መጋጠሚያ በጣቷ ሲነካ ዞረ። ዩቲንግ ናት ወይስ እሷ ሳታጠብቀው የቀረችው? አታስታውስም። ከሳሎን አያቷ ማዙን ሲለምኑ ይሰማታል።

«እናቴ፣ ብቀር ወድጄ አይደለም። ና ካልሽኝ እመጣለሁ። ከፈለግሽኝ ፊትሽን አሳዪኝ።»

የማዙን መልስ ለማወቅ የሚጣሉት ሁለቱ ቀያይ የጥያቄ እንጨቶች ወለሉ ላይ ሲወድቁ ቀጭ አሉ። በዚያው ቅጽበት ዋንጁን መጋጠሚያውን አጠበቀችው። ርችቱ ሳይቆራረጥ ተንጣጣ፤ አያቷም ሳቁ። ሲስቁ ከሰማች ስንት ወሯ ነው። ደስ ብሏት ስትወጣ ጫማቸውን እያሰሩ አገኘቻቸው።

«ወዴት ነው አባባ?»

«ጠራችኝ እኮ። አንዱ እንጨት በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው ወደቀ፤ እሺ ማለቷ ነው። ቀና ስል ደግሞ ፊቷ ቁልጭ አለ። ዛሬ ከወንዙ ማዶ ነው የምታድረው፤ በአውቶቡስ እደርስባታለሁ።»

«ሐኪሙስ?»

«ሐኪሙ ከእሷ ይበልጣል እንዴ?»

ዋንጁን ወደ ጓዳ ዞር ብላ የሆነውን ለዩቲንግ ጻፈችላት፤ እውነቱን ልንገራቸው ወይ ብላም ጠየቀቻት። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ዝም በይ አቦ። ተስተካከለ አይደል? ማን ያውቃል!»

እውነትም ማንም አያውቅም። ደግሞስ ማዙ በእሷ እጅ ተጠቅማ ቢሆንስ? ዋንጁን የምታምነው ጠፋባት። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባለፈው ወር አያቷ ሁለት ፎቅ ወጥተው ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር።

«አባባ፣ ዓይንዎን ከቴሌቪዥኑ እንዳይነቅሉ።»

ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ገብታ መጋጠሚያውን አላላችው፤ መልሳ አጠበቀችው። ስትወጣ አያቷ አንድ እግራቸው ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ባዶውን ሆኖ ያዩአታል።

«እኔ ነኝ» አለች። «ቅዳሜ ወደ ክፍሌ መስመር ስበን ነበር። ሳይጠብቅ ቀርቶ ነው። ምስሉን ያጠፋሁትም የመለስኩትም እኔ ነኝ።»

አያቷ ጎንበስ ብለው የወደቁትን እንጨቶች አነሱ።

«አንድ ጊዜ መልስ አይባልም» አሉ። «ማዙም ብትሆን እሺታዋን ሦስት ጊዜ ካልደጋገመች አይጸናም። እኔም ቸኩያለሁ። ሂጂ፣ ድገሚው።»

ሁለት ጊዜ ደገመችው፤ ሁለቴም ምስሉ ተቆራርጦ ተመለሰ። ስትመለስ ጫማቸውን አውልቀው ከወንበሩ ሥር አስቀምጠውታል።

«እንግዲያው አልጠራችኝም» አሉ።

ዋንጁን ለቁጣ ነበር የተዘጋጀችው፤ ለዚህ አልነበረም። አጠገባቸው ተቀመጠች። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰዎች ዙፋኗ በላያቸው እንዲያልፍ አስፋልቱ ላይ ተሰልፈው ተንበርክከዋል። ከዳር አንዲት አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠዋል። ተሸካሚዎቹ እሳቸው ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ እንዲዳስሷት ዙፋኗን ዝቅ አደረጉላቸው።

«ገበያው አጠገብ ባለው በእኛ ድልድይ የምታልፈው መቼ ነው?» አለች ዋንጁን።

«ሐሙስ፣ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ። ምነው?»

ሐሙስ ረፋዱ ላይ የሙከራ ፈተና አለባት፤ አያቷን ወደ ድልድዩ ለመውሰድ ከፈተናው መቅረት ይኖርባታል። ስልኳን አንስታ እናቷ ጋ ደወለች።

«እማዬ፣ አንድ የምነግርሽ፣ አንድ ደግሞ የምለምንሽ ነገር አለ» አለች። «መጀመሪያ የሚያናድድሽን ልንገርሽ።»